ብረትና ጉበት፦ ጥቂቱ ሲጠቅም፣ ብዙው ሲጎዳ

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የጤና ክፍለ ጊዜ የቀረበ ንግግር)



  

ዛሬ ይዘን የቀረብነው ርዕስ ስለ ጉበት ነው። በምግባችን፣ በውሃችንና በዕቃችን በኩል ወደ ሰውነታችን የሚገቡ ማዕድናት ከጉበት ካንሰር ጋር ስላላቸው ግንኙነት እንነጋገራለን። ርዕሱን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በጀሞ ኮንዶሚኒየሞችና በዙሪያው ባሉ ሰፈሮች የሚኖሩ ቤተሰቦች ሁለት ጥያቄዎችን ደጋግመው ያነሳሉ። አንደኛው «በወንዝ ዳር የበቀለ ጎመንና ቆስጣ ጉበት ያበላሻል፣ ካንሰርም ያመጣል ይባላል፤ እውነት ነው ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ድካም ሲሰማን ከፋርማሲ የብረት ኪኒን ገዝተን እንውጣለን፤ ይህስ ጉዳት አለው ወይ?» የሚል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የተራራቁ ይመስላሉ፤ መልሳቸው ግን የሚገናኘው ጉበት ላይ ነው።

ጉበት ከማዕድናት ጋር ምን ሥራ አለው?

ጉበት በቀኝ ጎናችን ከጎድን አጥንት ሥር የሚገኝ፣ በአዋቂ ሰው ላይ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን አካል ነው። ከአንጀት የሚነሳው ደም ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል ከመሰራጨቱ በፊት በእርሱ በኩል ያልፋል። ስለዚህ የበላነውም ሆነ የዋጥነው መድኃኒት መጀመሪያ የሚፈተሸው እዚያ ነው። ትርፍ መዳብን በሐሞት በኩል ያስወጣል። ብረትን፣ ማለትም በተለምዶ አይረን የምንለውን፣ ተቀብሎ ያስቀምጣል። አንጀታችን ከምግብ ምን ያህል ብረት እንዲቀበል የሚቆጣጠረውን ሄፕሲዲን የተባለ ንጥረ ነገር የሚያመርተውም እርሱ ነው።

በጤነኛ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ብረት በጠቅላላው ከ3 እስከ 4 ግራም ብቻ ነው። ይህ ጥቂት ብረት ባይኖር ደማችን ኦክስጅን መሸከም አይችልም። በየቀኑ ከምግብ የምንቀበለው ደግሞ 1 ወይም 2 ሚሊ ግራም ነው። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሰውነታችን ትርፍ ብረትን ፈልጎ የሚያስወጣበት መንገድ የለውም፤ የሚጠብቀው መግቢያውን ነው። የመግቢያው ጥበቃ ሲላላ ወይም የሚገባው ከመጠን ሲያልፍ፣ ብረቱ በጉበት ውስጥ ዓመት በዓመት እየተጠራቀመ ይሄዳል።

የተጠራቀመ ብረት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ የጉበትን ሕዋሳት የሚያቆስሉ፣ በውስጣቸው ያለውን የዘር መረጃም የሚጎዱ ንጥረ ነገሮችን ይፈጥራል። የቆሰሉት ሕዋሳት ሲሞቱ ሌሎች ይተካሉ፤ ቁስሉ ሲደጋገም ግን ጉበቱ በጠባሳ ይሸፈናል፣ ይጠጥራል። ሐኪሞች ሲሮሲስ የሚሉት ይህንን ነው። የጉበት ካንሰር በአብዛኛው የሚነሳው እንዲህ በጠጠረ ጉበት ላይ ነው።

በቁርኣን ውስጥ በብረት ስም የተሰየመ ሱራ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ብረት ብርቱ ኃይልና ለሰዎች ጥቅም ያለው መሆኑ በተወሳበት አንቀጽ ላይ ሚዛንም አብሮ ተወስቷል። እዚያ የተነገረው በሰዎች መካከል ስለሚቆም ፍትሕ ቢሆንም፣ አላህ (ሱ.ወ.) በሰውነታችን ውስጥም ልክ ሳያበጅለት የተወው ነገር የለም።

ከሌሎች አገሮች የምንማረው

በደቡባዊ አፍሪካ፣ በተለይ በዚምባብዌና በደቡብ አፍሪካ ገጠሮች፣ ጉበታቸው በብረት የተሞላ ብዙ ሕመምተኞች ለረጅም ዘመን ሲገኙ ቆይተዋል። ምክንያቱ ሲመረመር የአገር ባህል ጠላ ሆኖ ተገኘ። ጠላው ቀድሞ በሸክላ ይጠመቅ ነበር፤ በኋላ ግን በብረት በርሜል መጥመቅ ተለመደ። ጠላው ጎምዛዛ በመሆኑ የበርሜሉን ብረት እያሟሟ ወደ ጠጪዎቹ ሆድ አስገባው። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት በተፈጥሯቸው ብረትን አብዝተው የሚቀበሉ ሰዎች የበለጠ እንደሚጎዱ የሚያመለክት ማስረጃ አቀረበ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም እንዲህ ብረት የተጠራቀመባቸው ሰዎች ለጉበት ካንሰር ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይተዋል። አስካሪ መጠጥ ለእኛ ሐራም ነው፤ አልኮል ራሱም ጉበትን እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። ከበርሜሉ የምንማረው ግን ለሁላችንም ይሠራል፤ ጎምዛዛ ነገር ከብረት ዕቃ ጋር ሲቆይ ዕቃው ወደ ምግቡ ይገባል።

ከሰሜን አውሮፓ ዘር በሆኑ ሕዝቦች ዘንድም በዘር የሚተላለፍ የብረት መብዛት በሽታ አለ። ቶሎ ከታወቀ ሐኪሞች በየጊዜው ደም በመቅዳት ያክሙታል። ሳይታወቅ ከቆየ ግን ጉበትን ያጠጥራል፣ ወደ ካንሰርም ሊያደርስ ይችላል።

ሌላው ምሳሌ ከሕንድ ነው። በዚያ አገር ሕፃናትን የሚገድል የጉበት መጠጠር በሽታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ነገሩን ሲከታተሉ፣ የሕፃናቱ ወተት የሚፈላውና የሚቀመጠው በመዳብና በናስ ዕቃ መሆኑን አስተዋሉ። ወተቱ መዳቡን ይዞ ወደ ሕፃኑ ጉበት ይገባ ነበር። ቤተሰቦች ዕቃውን ሲለውጡ በሽታው እጅግ ቀነሰ። እናቶች ሆይ፣ የአንድ ዕቃ መለወጥ ምን ያህል ነፍስ ሊያተርፍ እንደሚችል ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

ሲያንሱ የሚጎዱም አሉ

ሁሉም ማዕድን ሲበዛ ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ዚንክ ሕዋሳት ጉዳታቸውን የሚጠግኑባቸው ብዙ ንጥረ ነገሮች አካል ነው። በጉበት ካንሰር ከተያዘ ሥጋ ላይ ናሙና ሲወሰድ ዚንኩ አንሶ፣ መዳቡ ግን በዝቶ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ይሁንና የታመመ ጉበት ራሱ ዚንክን መያዝ ስለሚያቅተው፣ የዚንኩ ማነስ የበሽታው መነሻ ብቻ ሳይሆን ውጤቱም ሊሆን ይችላል።

ስለ ሴሊኒየም ደግሞ በቻይና ቺዶንግ በተባለ፣ የጉበት ካንሰር በበዛበት አውራጃ፣ ሴሊኒየም የተጨመረበት ጨው ለሕዝብ ተሰጥቶ ካንሰሩ መቀነሱ ተዘግቧል። በአገራችንም ዳውድ ጋሹና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ በኢትዮጵያና በማላዊ የእህል ውስጥ ሴሊኒየም፣ ዚንክና ብረት እንደ አካባቢው እንደሚለያይ አሳይተዋል። ይህ ማለት ግን ሄደን የሴሊኒየም ኪኒን እንግዛ ማለት አይደለም። ሴሊኒየም በብዛት ሲወሰድ መርዝ ነው። እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሥጋና ጥራጥሬ ተለዋውጠው ከቀረቡ የማዕድናቱ ሚዛን በአብዛኛው ይጠበቃል።

በወንዝ ዳር የበቀለው ጎመን

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። የጀሞ ወንዝ የትንሹ አቃቂ ገባር ነው። ትንሹ አቃቂ በከተማው ምዕራባዊ ክፍል ወርዶ ከትልቁ አቃቂ ጋር አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ይገናኛል። በዚህ መንገዱ ላይ ለብዙ አሥርት ዓመታት የቆዳ ፋብሪካዎች፣ የጋራዦች፣ የማቅለሚያ ቤቶችና የመኖሪያ ቤቶች ፍሳሽ ሲገባበት ኖሯል። ቆዳ ለማልፋት ክሮሚየም ያለው ጨው ይሠራበታል፤ ከባትሪ እርሳስ ይወጣል፤ ከቀለምና ከብረት ሥራ ካድሚየም ሊመጣ ይችላል። በእነዚሁ ወንዞች ውሃ ደግሞ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ሲለማ ኖሯል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ፍሥሐ ኢታና የተባሉ ተመራማሪ በአዲስ አበባ የሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎችን መርምረው ውጤቱን አሳትመዋል። በቅጠሎቹ ውስጥ እንደ አርሴኒክ፣ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ሰላጣና ቆስጣ እነዚህን ብረቶች አብዝተው ሲቀበሉ፣ ጥቅል ጎመን ግን ከሦስቱ ያነሰ ተቀብሎ ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህም በርካታ ተመራማሪዎች በአቃቂ ወንዞች ዳር ተመሳሳይ ጉዳይ አጥንተዋል።

ታዲያ ይህ ቆስጣ የጉበት ካንሰር ያመጣል ወይ? እነዚህ ጥናቶች የለኩት በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ብረት እንጂ የበላተኞቹን ጉበት አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም አርሴኒክንና ካድሚየምን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቧቸዋል። በመጠጥ ውሃ የሚገባ አርሴኒክ የሳንባ፣ የፊኛና የቆዳ ካንሰር ለማምጣቱ በቂ ማስረጃ አለ፤ ስለ ጉበት ያለው ማስረጃ ግን ውስን ነው። ስለዚህ «አንድ ቀን ቆስጣ የበላ ጉበቱ ጠፋ» ማለት ሰውን ያለ አግባብ ማስፈራራት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሕፃን ልጅ በየቀኑ፣ ዓመት ሙሉ፣ በፋብሪካ ፍሳሽ ከለማ ማሳ ቢመገብ ምንም አይደለም ማለት ቸልተኝነት ነው። እነዚህ ብረቶች በጥቂት በጥቂቱ ይጠራቀማሉ፤ ጉበት ብቻ ሳይሆን ኩላሊትና የልጆች አእምሮም ይጎዳል።

ቅጠልን በንጹሕ ውሃ ማጠብ አፈሩንና ጀርሙን ያስወግዳል፤ ተክሉ በሥሩ ስቦ በውስጡ ያስገባውን ብረት ግን አያወጣም። ስለዚህ ዋናው ነገር ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነው። ከአንድ ማሳ ብቻ ከመግዛት ማለዋወጥ፣ ከሰላጣና ከቆስጣ ጎን ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ዱባ መጨመርም ይጠቅማል። ጎመንን ጭራሽ መተው ግን አይገባም፤ ቅጠላ ቅጠል ለጤና ያለው ጥቅም ብዙ ነውና። የቧንቧ ውሃንም ከዚህ ጋር አንደባልቀው። የከተማው የቧንቧ ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከጉድጓዶች የሚመጣ እንጂ ከአቃቂ ወንዝ የሚቀዳ አይደለም።

አትክልት ለሚሸጡ ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም የምንለው አለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ሥሩ እርጥብ ሆኖ ሲያገኙት ሻጩን መገሠጻቸውን፣ እርጥቡን ሰዎች እንዲያዩት ከላይ ማድረግ እንደነበረበት መናገራቸውን እናውቃለን። በቆሸሸ ውሃ የለማን ቅጠል «የገጠር ነው» ብሎ መሸጥ ከዚህ የሚለይ አይመስለንም። ጋራዥና ወርክሾፕ ያላችሁም የተቃጠለ ዘይትና የባትሪ ውሃ ወደ ወንዝ አትልቀቁ። በ2017 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ወንዝ በሚበክሉ ላይ ከባድ የገንዘብ ቅጣት የሚጥል ደንብ አውጥቷል። ለሙስሊም ግን ከቅጣቱ በፊት የሌላውን ሰው ሐቅ መፍራት ይቀድማል።

የብረት ኪኒን ለማን?

ሁለተኛው ጥያቄ የብረት ኪኒን ነው። ነፍሰ ጡር እህቶቻችን በጤና ጣቢያ የሚሰጣቸውን ብረትና ፎሊክ አሲድ ሳያቋርጡ መውሰድ አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረት እንዲሰጣቸው ይመክራል። ደም ማነስ በምርመራ የተረጋገጠበት ሰውም እንዲሁ የታዘዘለትን ይውሰድ። ይህ ንግግር ማንንም እናት ከዚህ መድኃኒት እንዳያስፈራ አደራ እንላለን።

ድካም ስለተሰማው ብቻ፣ ሳይመረመር፣ ወር ከወር ብረት የሚውጥ ሰው ግን ሊጠነቀቅ ይገባል። ድካሙ ራሱ የጉበት በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። የቆየ የጉበት ቫይረስ ወይም የጠጠረ ጉበት ያለበት ሰው ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ብረት መውሰድ የለበትም። በደም ውስጥ ያለውን የብረት ክምችት የሚያሳይ ፌሪቲን የተባለ ምርመራ አለ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ። «ጤፍ ብረት አለው፣ እንጀራ እንቀንስ ወይ?» ለምትሉም መልሱ አይደለም ነው። በጤፍ ላይ ከሚገኘው ብረት ብዙው በአውድማ ላይ ከአፈር የሚቀላቀል መሆኑ ከቆየ ጀምሮ ይታወቃል፤ እንዲህ ያለውን ብረት ደግሞ አንጀት እምብዛም አይቀበለውም።

ዋናው ጠላት እንዳይረሳ

እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከ860 ሺህ በላይ ሰዎች በጉበት ካንሰር ተይዘዋል፤ ከ750 ሺህ በላይ ሰዎችም በዚሁ በሽታ ሞተዋል። ከእነዚህ የበዙትን ለበሽታው ያበቃው ብረት ወይም ካድሚየም አይደለም። ሄፓታይተስ ቢና ሲ የተባሉ የጉበት ቫይረሶች፣ አልኮል፣ በሻገተ ለውዝና በቆሎ ውስጥ የሚገኘው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ፣ እንዲሁም ከውፍረትና ከስኳር በሽታ ጋር የሚመጣ የጉበት ስብ ናቸው። ማዕድናቱ በአብዛኛው በቆሰለ ጉበት ላይ የሚጨመሩ ሸክሞች ናቸው። ስለዚህ ስለ ቆስጣው እየተጨነቀ የሄፓታይተስ ምርመራ ያላደረገ ሰው ዋናውን ነገር ትቶ ትንሹን ይዟል ማለት ነው።

በአገራችን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን ሰዎች በሕፃንነታችን ይህን መከላከያ አላገኘንም። አንድ ጊዜ በደም ምርመራ ራሳችንን እንወቅ። ቫይረሱ የሚተላለፈው በደም፣ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜና በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ሒጃማ የምታሠሩና ልጆቻችሁን የምታስገርዙ ምላጩ አዲስ መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ። በአንድ ትሪ አብሮ በመብላትና በመጨባበጥ ግን አይተላለፍም። ስለዚህ በሽታው የተገኘበትን ወንድም ከማዕድ ማግለል በደል ነው። ከኒካሕ በፊት ምርመራ ተደርጎ በአንደኛው ላይ ቢገኝም ሌላው ወገን ተመርምሮ ክትባቱን ሦስት ጊዜ መወጋት ይችላል፤ ትዳሩን ለማፍረስ ምክንያት አይሆንም። ሕክምናውም አለ፤ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 ለሄፓታይተስ ቢ ሕመምተኞች የሕክምና ፕሮግራም መጀመሩ ይታወሳል።

ጫት የሚቅሙ ወገኖቻችንም ይስሙን። በሐረር በጁገልና በሕይወት ፋና ሆስፒታሎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ጫት መቃም ለቆየ የጉበት በሽታ ከመጋለጥ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል።

በቤታችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ እርጎና ሌላ ጎምዛዛ ነገር በናስ፣ በመዳብ ወይም በቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ አናሳድር። ሸክላ፣ ብርጭቆ ወይም አይዝጌ ብረት ይሻላል። ከተሰባሰበ ቁርጥራጭ ብረታ ብረት ቀልጠው የሚሠሩ ድስቶችም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። በካሜሩን እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከእንዲህ ዓይነት ድስቶች እርሳስ ወደ ምግብ እንደሚወጣ አሳይቷል።

ሁለተኛ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ በርሜልና ጀሪካን መሙላታችን የግድ ነው። ቀለም ወይም ኬሚካል የነበረበትን ዕቃ ግን ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ ውሃ አናውለው።

ሦስተኛ፣ የሻገተ ለውዝ፣ በቆሎና በርበሬ ለቅሞ ወይም አጥቦ መብላት አያድንም፤ ይጣል። መርዙ በማብሰልም በቀላሉ አይጠፋም።

አራተኛ፣ ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሽንት ሲጠቁር፣ ሆድ ሲነፋ ወይም ሰውነት ያለ ምክንያት ሲከሳ «የወፍ በሽታ ነው» ብለን ቅጠል እያሸተትን ጊዜ አንግደል። ጉበቱ የጠጠረ ሰው በየስድስት ወሩ በአልትራሳውንድ ከታየ ካንሰሩ ገና ትንሽ ሳለ ሊገኝና ሊታከም ይችላል። ዘግይቶ ሲገኝ ግን ሐኪሙም እጁ ያጥራል።

ውድ አድማጮቻችን! ሰውነታችን አላህ (ሱ.ወ.) የሰጠን አማና ነው። በሽታን ያወረደ ጌታ ፈውሱንም አውርዷል፤ ፈውሱን መፈለግ የእኛ ድርሻ ነው። በዚህ ሳምንት ከቤተሰባችን ጋር ተቀምጠን፣ «ማን ተመርምሯል? ማንስ ቀርቷል?» ብለን እንጠያየቅና ያልተመረመረውን ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። የታመሙትን አላህ ያሽርልን፤ ጤነኞቹን ይጠብቅልን። አሚን።